ከንቲባዋ በአማቴ በር ላይ

ሥራህ ምንድን ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መልሱ ትንሽ ያስቸግረኛል። መታወቂያዬ ላይ የተጻፈው «የከተሞች ግንኙነት ባለሙያ» ነው። ሰዉ ግን «ሚኒስትሩ» ነው የሚለኝ። ከነቀምቴ ብዙም በማትርቅ አንዲት ትንሽ የወለጋ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ከተማችንን ከሌሎች ከተሞች ጋር አወዳጃለሁ፤ የአገር ውስጡም የባሕር ማዶውም የእኔ ድርሻ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም። ብጠራው በጽሑፉ የተነሳውም ያልተነሳውም ይቆጣኛል፤ ያልተነሳው ደግሞ ይብሳል።

ሥጋ ቤት ስገባ ባለቤቱ «ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን ከሻኛው ቆረጥ አድርጉለት» ይላል። የባጃጅ ሾፌሮች «ሚኒስትር፣ ዛሬ ከየትኛው መንግሥት ጋር ነህ?» እያሉ ጡሩምባ ይነፉብኛል። መጀመሪያ ላይ ይከነክነኝ ነበር። አሁን የሚከነክነኝ ሳይሉኝ ሲቀሩ ነው።

ቢሮዬን ያየ ግን ሚኒስትር ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ግማሹ የእኔ ጠረጴዛ ነው፣ ግማሹ የማዘጋጃ ቤቱ የፕላስቲክ ወንበሮች ማከማቻ ነው። ሠርግ ሲኖር፣ ለቅሶ ሲኖር፣ ስብሰባ ሲኖር ሰዎች እየገቡ ወንበር ይሸከማሉ። ከባሕር ማዶ ሰዎች ጋር በቪዲዮ ስነጋገርም አያፍሩም፤ «አካም ጅርታ፣ ሚኒስትር?» ብለው ደህንነቴን ይጠይቁና ከጀርባዬ ወንበር ጭነው ይወጣሉ። እኔም ለእነሱ በኦሮምኛ፣ ለፈረንጆቹ በእንግሊዝኛ፣ ለራሴ ደግሞ በአማርኛ እያጉረመረምኩ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከደጅ ኦሮምኛ እየተናገርኩ ነው ያደግኩት። ሁለት ቋንቋ መናገር ሥራ ይሆናል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ዲፕሎማሲዬ ከጉቴ ከተማ ጋር የተደረገ የእግር ኳስ ግጥሚያ ነው። ግጥሚያው በሰላም አልቆ ምሳውን ማን ይጋብዝ በሚለው ተጣላን። እነሱ እንግዳ ተቀባይ እኛ ነን አሉ፤ እኛም የጋበዝናችሁ እኛ ነን አልን። በመጨረሻ ሁለት ምሳ በላን። ቢላ ከምትባለው ከተማ ጋር ደግሞ የገበያ ቀን እንዳይጋጭብን ስንደራደር ከረምን። ይህን ሁሉ እየሠራሁ ያለ ማጋነን ደስተኛ ነበርኩ።

ከዚያ የሰሜን አውሮፓዎቹ ነገር መጣ።

ባለቤቴ የከተማችን ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። አንድ ጊዜ ለሥልጠና ነቀምቴ ሄዳ ሳለ፣ ከሰሜን አውሮፓ ከአንዲት ትንሽ ከተማ የመጣ ሽበታም ሐኪም አስተማራት። ሰውየው ስለ ሥራዋ ሲጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነገረችው፤ ጊዜያቸው ሳይደርስ ስለሚወለዱ ሕፃናት። እነሱን የሚያሞቅ ክፍል የለንም። እናትየው ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ባለቤቴ ከጎኗ ተቀምጣ፣ በተገኘው መኪና ወደ ነቀምቴ ይበራሉ። ብዙዎቹ ይደርሳሉ። የማይደርስ ሲኖር ባለቤቴ ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ትቀመጣለች። ስለዚህ እሷ በዓለም ላይ አንድ ነገር ብትመኝ ያንን ክፍል ነው።

ሐኪሙ አገሩ ገብቶ ለከተማው ከንቲባ ነገራት። ከንቲባዋ ለእኛ ከንቲባ መልእክት ላከች። የእኛ ከንቲባ መልእክቱን ይዘው ወደ ወንበር ማከማቻው መጡና «በል እንግዲህ፣ ሚኒስትር ነህ አይደለህ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ በቪዲዮ እንደተገናኘን አላውቅም። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆረጣል፣ የከንቲባዋ ፊት አፏን እንደከፈተ ደርቆ ይቀራል፣ እኔም ደርቄ እጠብቃለሁ። ግን ተስማማን። ሁለቱ ከተሞች እህትማማች ይሆናሉ፤ እነሱ የሕፃናት ማሞቂያ ክፍሉን ያሟላሉ፤ ሐኪሙም እየተመላለሰ ያሠለጥናል። ከክልል ከሚመለከተው ቢሮም ፈቃዱን አገኘን። የቀረው መፈረም ብቻ ነበር፤ ለመፈረም ደግሞ እነሱ ሊመጡ ሆነ።

በመስከረም መጨረሻ መጡ፤ ከንቲባዋና ሐኪሙ፣ ሁለት ብቻ። ከንቲባዋን «አንቱ» ልላት አስቤ ነበር። ከመኪና ወርዳ ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ በራሷ ስትስቅ አንቱታው ከአፌ ወደቀ፣ ከዚያ ወዲህም አልተነሳም። ቁመተ ረጅም፣ እጀ ሰፊ፣ ገበሬ ቤት ያደገች ሴት ናት። ቢሮዬን ሳሳያት ወንበሮቹን አይታ እንደ ዘመድ ደስ አላት። «እነዚያ ሁልጊዜ ከጀርባህ ወንበር የሚሸከሙት ሰዎች የት አሉ?» አለችኝ። ለአንድ ዓመት ሙሉ ምን እየሠሩ እንደሆነ ልትጠይቀኝ አፍራ ኖሯል።

የፊርማው ቀን አዳራሹ ሞላ። የእነሱን ባንዲራ ለከተማችን ልብስ ሰፊ አሰፍተን ነበር፤ መስቀሉ መሐል ላይ መሆን የለበትም፣ ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ ይበል ብለን ብንነግረው «እኔ የተንሻፈፈ ነገር ሰፍቼ ስሜን አላጠፋም» ብሎ መሐል ላይ አድርጎታል። ፕሮግራሙ ቀላል ነበር። ሽማግሌ ይመርቃል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ይፈረማል፣ ምሳ ይበላል።

መራቂው አማቴ ነበሩ።

እዚህ ላይ ስለ አማቴ መናገር አለብኝ። በከተማችን ዳር መሬታቸውን የሚያርሱ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ልጠይቅ ሽማግሌዎች በላክሁ ጊዜ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪዬና በጎጃሞቹ ሰፈር የምናከብራቸው መሪጌታ ነበሩ የሄዱልኝ። አማቴ ሰሟቸውና «ዘመድ እናማክር፣ ተመለሱ» አሏቸው። ተመለሱ። አሁንም ተመለሱ አሏቸው። በሦስተኛው እሺ አሉ። እኔ በዚያ መሐል እህል አላስበላ ብሎኝ ነበር፤ አስተማሪዬ ግን ከሁለተኛው ሲመለሱ ፊታቸው እያበራ «በጣም ወደውሃል!» አሉኝ። በእኛ አገር የማይፈለግ ሰው ተመለስ አይባልም። የማይፈለግ ሰው ወዲያው ነው መልሱን የሚያገኘው።

አማቴ መረቁ። ከተማው በሙሉ «ሃ ታኡ»፣ ይሁን፣ እያለ ተቀበለ። ከንቲባዋም ከሁለተኛው ምርቃት ጀምሮ ነገሩ ገብቷት ከሁሉ ጮክ ብላ «ሃ ታኡ!» ትል ጀመር። ሕዝቡ ወደዳት። ንግግሯን ልታደርግ ተነሳች፤ መናገሪያው ጋ ሄደች፤ ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ ወረቀቷን አስቀምጣ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ከሩቅ መጥተናል። የቤተሰባችሁ አካል እንድንሆን ትፈቅዱልናላችሁ?» አለች። ተረጎምኩ።

በእሷ ቤት ይህ የንግግር ማሳመሪያ ነው። በእኛ ግን ሽማግሌ ፊት ቆሞ ዝምድና መጠየቅ ነው። አማቴ በዱላቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«አክብራችሁ ጠየቃችሁን፣ ገለቶማ፣ እናመሰግናለን፤ ሰምተናችኋል» አሉ። «ዝምድና ግን ያልተወለዱትን ልጆቻችንን ጭምር የሚያስር ነገር ነው። በአንድ ጀምበር አይመለስም። ጉቴ ዘመድ አለን፣ ቢላ ዘመድ አለን፤ እናማክራለን። ከነገ ወዲያ ጠዋት ተመለሱ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እልል ያሉም ነበሩ። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩና የተባለውን ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ምን ይጨመርበታል? ለእኔ ከዚህ የበለጠ የደስታ ዜና አልነበረም። ከንቲባዋ ከአፌ ሰምታ ወደ ሕዝቡ አየች፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ወደ አማቴ አየች፤ ተቀምጠዋል። ከዚያ እስክሪብቶዋን ቀስ ብላ ከደነች።

ምሳው ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። የወለጋው ሥራሥር አንጮቴ ተቀቅሎ፣ ጩምቦ የምንለው ወፍራም ቂጣ በቅቤና በእርጎ ርሶ ቀርቧል፤ ሐኪሙ ሳህኑን አልነካም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሕዝቡ ይህን ያህል እንደሚቃወም ለምን አልነገርከንም?» አለኝ።

«ማን ተቃወመ?» አልኩት።

«ሽማግሌው እምቢ ሲሉ ሁሉም አጨበጨበ እኮ።»

ሳቄ መጣ፤ ደግሞም ደነገጥኩ። ላስረዳ ሞከርኩ። እምቢ ማለት አይደለም፣ እንዲያውም እሺ ለማለት መዘጋጀት ነው አልኩ። ከንቲባዋ በትሕትና ሰማችኝ፤ አላመነችኝም እንጂ። ያለ ነገር አልፈራችም፤ የእሷ ምክር ቤት ሕዝብ ካልፈቀደ በስተቀር ምንም እንዳትፈርም አጥብቆ ነግሯታል። «አንተ ደግ ሰው ነህ፣ ልታጽናናን ትፈልጋለህ» አለችኝ። «ግን ሰው ሳይወድ ቤቱ መግባት ነውር ነው። ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የሚወስደን መኪና ፈልግልን።»

ከንቲባችን ከምሳ በኋላ እጄን ይዘው ወደ ወንበሮቹ መሐል ወሰዱኝ። «ሚኒስትር፣ አማትህን ማሳመን ያንተ ሥራ ነው» አሉ።

«ክቡር ከንቲባ፣ እኔ አማቴን ማሳመን ብችል ኖሮ ሦስት ጊዜ እመለስ ነበር?» አልኳቸው።

ሄድኩ ግን። አማቴ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ስልክ እየደወሉ ነበር፤ የምር ጉቴ ድረስ ያማክራሉ! እንግዶቹ ሊሄዱ እንደሆነ ስነግራቸው ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «በመጀመሪያው ቀን ልጄን ብሰጥህ ኖሮ ዛሬ እንዲህ ታከብራት ነበር?»

«አባ፣ እነሱ ልጅ አልጠየቁም፤ ማሞቂያ ክፍል ሊሰጡን ነው የመጡት።»

«እሱን ነው የማልወደው» አሉ። «ሊሰጡን ነው የመጡት ትላለህ። ቤቴ አልገቡም፣ ማን እንደሆንን አልጠየቁም፣ እኛም እነማን እንደሆኑ አልጠየቅንም። ሰጪና ተቀባይ ሆነን ልንለያይ ነው። ሰጪ ደግሞ አንድ ቀን ይሰለቸዋል። ዘመድ ነው የማይሰለቸው። እኔ ለልጄ ክፍል የምፈልገው ዘንድሮ ተሠርቶ ለከርሞ የሚዘጋ አይደለም።»

ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሁሉንም ሰምታለች። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «አባቴ ፈረንጅንም ተመለስ አለ!» ትላለች፣ ደግማ ትስቃለች። ቆይቶ ሳቁ ቆመና «በቃ፣ ለእነሱ አንተ ነህ የነገርካቸው። አንተ የማዘጋጃ ቤት ሰው ነህ፣ ማን ያምንሃል? ነገ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች።

በማግሥቱ መኪናው ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ ሳለ ባለቤቴ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ደረሰች። ለከንቲባዋ ብዙ አልነገረቻትም፤ «ከመሄድሽ በፊት ሥራዬን እይልኝ» ብቻ አለቻት። ጤና ጣቢያው ውስጥ በዚያ ሌሊት የተወለደ አንድ ፍሬ ልጅ እናቱ ደረት ላይ ተጣብቆ፣ በጋቢ ተሸፍኖ፣ ወደ ነቀምቴ የሚወስዳቸውን መኪና ይጠብቅ ነበር። የሚታየው የጣት ጫፍ የምታህል አፍንጫው ብቻ ናት። ከንቲባዋ አልጋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ልጁን አየች። ከዚያ ተነሥታ «መኪና የሚጠብቁ ከሆነ የእኛ መኪና በር ላይ ነው» አለች።

እናትና ልጅ፣ ሐኪሙም ተጨምሮ፣ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ በነበረው መኪና ወደ ነቀምቴ ሄዱ። ከንቲባዋ መኪና አልባ ሆና ከባለቤቴ ጋር ቀረች። ያኔ ነው ባለቤቴ የነገረቻት፤ የእኔን ሽማግሌዎች፣ ሦስቱን ምልልስ፣ እህል አልበላ ማለቴን ሳይቀር። «ተመለሱ የሚባለው የተወደደ ሰው ነው» አለቻት። «አባቴ ባይወድሽ ኖሮ ምሳሽን በልተሽ፣ ፈርመሽ ትሄጂ ነበር።»

ከንቲባዋ መጀመሪያ አፏን ያዘች። ከዚያ የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ታጭተናል ማለት ነው?» አለች። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ደግሞ ደህና ጥያቄ ጠየቀች። «ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቼ እነማን ናቸው?»

ይህን ያሰበ ማንም አልነበረም። ከሰሜን አውሮፓ ድረስ ሽማግሌ ይዞ የሚመጣ ሰው የለም። ስለዚህ የእኔኑ ሽማግሌዎች አዋስናት። ጡረተኛው አስተማሪዬ ኮታቸውን አስተኮሱ። መሪጌታው «ያንን በር እኔ አውቀዋለሁ፣ ጉልበቴም ያውቀዋል» አሉ። ሦስተኛ ሲጠፋ ከንቲባችን ራሳቸው ተነሡ። «ክቡር ከንቲባ፣ እርስዎ እኮ የእኛ ወገን ነዎት፤ ዝምድና የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት» ብላቸው «ዝም በል፣ እኔ ይህን በሰው ሠርግ ብቻ እያየሁ ልቅር?» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ አማቴ በር ላይ ቆምን። ሦስት ሽማግሌ፣ አንዲት ከንቲባ፣ ከነቀምቴ ማታ የተመለሰ ሐኪም፣ አንድ አስተርጓሚ። ሐኪሙ የምሥራች ይዞ ነበር የመጣው፤ ያ አንድ ፍሬ ልጅ በደህና ደርሷል። ካፊያ ጀመረ። ከንቲባዋ ጃንጥላ ልትዘረጋ ስትል መሪጌታው በዓይናቸው ከለከሏት፤ ጠያቂ በር ላይ ሲቆም ትንሽ ዝናብ ቢመታው ጥሩ ነው። አጥፋ ያዘችው። እኔ ያንን በር ሳየው የዛሬ ስንት ዓመቱ ፍርሃት ተመልሶ መጣብኝ፤ የሚገርመው ደግሞ ደስ የሚል ፍርሃት ነበር።

አማቴ እንደሰሙን እያወቅን አስቆሙን። ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ የጉቴና የቢላ ዘመዶች ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በአውቶቡስ ገብተው አድረዋል። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና «ሴና፣ ግቡ» ተባልን። ግቢው ውስጥ የቢሮዬ ወንበሮች በሙሉ ተደርድረዋል። መቼ እንደተሸከሟቸው አላየሁም።

«ታኣ፣ ተቀመጡ» አሉ አማቴ።

«ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አስተማሪዬ።

«ተናገሩ እንግዲህ።»

አስተማሪዬ ተናገሩ፤ አሳመሩት። አማቴ ሰምተው ሲያበቁ እሳቸውን ትተው ወደ ከንቲባዋ ዞሩ። «ሽማግሌዎችሽን ሰማሁ፤ አውቃቸዋለሁ፣ ከዚህ ቀደምም ልጅ ወስደውብኛል» አሉ። ዘመዱ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «አሁን አንቺ ንገሪኝ። ቤታችሁ እንዴት ነው? ምን ሞልቷችኋል? ምን ጎድሏችኋል?»

ለከንቲባዋ ተረጎምኩላት። በአዳራሹ የምትለውን ንግግር በወረቀት እንዳዘጋጀችው አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን ወረቀት አልነበራትም።

«ሆስፒታል አለን» አለች። «መንገድ አለን። ወጣቶቻችን ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄደዋል፤ ትምህርት ቤታችን ግማሹ ባዶ ነው። ክረምቱ ጨለማ ነው። ሽማግሌዎቻችን በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ሙቅ ክፍል ይዘው ይቀመጣሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም። እናቴ እዚያ ናት። እኔም ሥራ እየበዛብኝ በየቀኑ አልሄድም።» ዱላቸውን ጨብጠው የተደረደሩትን ሽማግሌዎች አየች። «ከትናንት ወዲያ እናንተ ስትመርቁ፣ እናቴ ይህን ብትሰማ ብዬ ነበር።»

አማቴ ከጉቴ የመጡትን ታላቅ ወንድማቸውን አዩ፤ ወንድምየው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በይ እንግዲህ» አሉ አማቴ። «የእናንተ ሕፃናት ይሞቃቸዋል፣ ሽማግሌዎቻችሁ ይበርዳቸዋል። የእኛ ሽማግሌዎች ሞቋቸዋል፣ ሕፃናታችን ይበርዳቸዋል። ይህ ዝምድና ነው፣ ምጽዋት አይደለም። እሺ ብለናል። ግን አንድ ነገር አለኝ። እናንተ ክፍሉን ስትሠሩ እኛ በየሳምንቱ እሁድ፣ ያቺ የምታወሩባት ማሽን ላይ ተቀምጠን እናቶቻችሁን እንመርቃለን። ይጻፍልኝ።»

ተጻፈ። ውሉ ላይ በእጅ ጽሑፍ የተጨመረው አንቀጽ ያ ነው። ከንቲባችን ሕጋዊነቱን ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ መሪጌታው በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው። ባለቤቴ ከሴቶቹ መሐል ቆማ አባቷን ስታይ የነበረበትን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። እኔንም አንድ ቀን እንዲያ ብታየኝ ብዬ ቀናሁ።

ፊርማው አዳራሽ አልተመለሰም፤ እዚያው ጩምቦው የቀረበበት ጠረጴዛ ላይ ተፈረመ። ከንቲባዋ ወረቀቱን ቅቤ በነካው እጇ ይዛው ኖሮ በስሟ ጎን አውራ ጣቷ ታተመ። ሌላ ኮፒ ላውጣ ብላት አይሆንም አለች። አሁን በእነሱ ከተማ አዳራሽ ውስጥ በመስተዋት ተሰቅሎ ይታያል፤ የቅቤው ወዝ በፎቶም ይለያል። ያ መስቀሉ መሐል ላይ የተሰፋው ባንዲራም አጠገቡ ነው።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ቢሮዬ ሥራ አለው። አማቴና ጓደኞቻቸው ራሳቸው ወንበር እየሳቡ ስክሪኑ ፊት ይደረደራሉ። በዚያ በኩል ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ያደረጉ ነጫጭ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ይደረደራሉ። አማቴ ይመርቃሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እነዚያም በሰሜን ምላሳቸው «ሃ ታኡ» ይላሉ። የከንቲባዋ እናት የፊተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ከንቲባዋም አሁን እሁድ አትቀርም። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ወገን መብራት ኃይልን በየቋንቋው ይረግማል።

ክፍሉም ተሠራ። በተከፈተ በዓመቱ ባለቤቴ ጊዜዋ ሳይደርስ ምጥ ያዛት። ሌሎችን ስታዋልድበት በነበረው አልጋ ላይ ተኝታ፣ ያሠለጠነቻቸው ወጣቶች አዋለዷት። ሴት ልጅ ናት። በመስተዋቱ ውስጥ ሳያት ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም ነበር። ግን መኪና የጠበቀ የለም፣ ወደ ነቀምቴም የበረረ የለም። እዚያው፣ እናቷ በለመነችላት ሙቀት ውስጥ፣ ቀን በቀን ወፈረች።

ከጤና ጣቢያ በወጣች በመጀመሪያው እሁድ ቢሮዬ ሞላ። ወሬው ቀድሞ ደርሶ ኖሮ በዚያ በኩልም አዳራሹ ሞልቷል። አሮጊቶቹ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ከንቲባዋ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ «አባ፣ ልጅቷን ለማየት ከሩቅ መጥተናል። ታሳዩናላችሁ?» አለች። ተረጎምኩ።

አማቴ በዱላቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። አራስ ልጅ ገና ለሰው ዓይን አትወጣም፤ ጉቴና ቢላ ያሉት ዘመዶችም አላዩም።

«አክብራችሁ ጠየቃችሁን» አሉ። «ዛሬ ግን አይሆንም። ዘመድ እናማክር። ለሚቀጥለው እሁድ ተመለሱ።»

ትርጉሙን ገና ሳልጀምረው፣ በዚያ በሰሜን አገር፣ ከንቲባዋና አሮጊቶቹ በሙሉ ማጨብጨብ ጀመሩ።